ቤት ስትገዙ ማንን ይዛችሁ ትሂዱ? ደላላ፣ የኩባንያ ሽያጭ ሠራተኛ፣ የቴሌግራም አገናኝ ወይስ በራስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከደላላው ነው። አንዱ "ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ስም እስኪዛወር ድረስ አብሮን ተንከራተተ" ይላል። ሌላው ቤቱን ወዶት እየኖረበት እንኳ ቀብድ ካስከፈለው በኋላ ስልክ ማንሳት ያቆመውን ሰው ያነሳል። ሰፈሩም ዋጋውም ተመሳሳይ ሆኖ የሁለቱ ሰዎች ልምድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሚያራርቀው መሃል ላይ ያለው ሰው ጠባይ ነው።

ገዢ ቤት ለመምረጥ ወራት ይፈጅበታል። ቤቱን የሚያሳየውን ሰው ግን አይመርጥም፤ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ሰውየው ይመረጥ ባይ ነኝ። ለመምረጥ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ይሆናል፦ ይህ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ከማን ነው? መቼስ ነው የሚከፈለው? መልሱን ካወቃችሁ ነገ ምን እንደሚላችሁ ግማሹን ዛሬ መገመት ትችላላችሁ።

የሰፈር ደላላ

ጀሞ፣ ሰሚት፣ ጎተራ ወይም አያት ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ የምታገኙት ሰው ነው። ኮሚሽኑ እንደለመድነው 2 በመቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ ከእናንተ ብቻ 200 ሺህ ብር ማለት ነው። የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። ካላለቀ ያ ሁሉ መመላለስ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ መፈለጉ አያስገርምም። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነቱን ለማግኘት እውነት መደበቅ ሲጀምር ነው።

ትልቁ ሀብቱ ሰፈሩን ማወቁ ነው። ማን ለምን እንደሚሸጥ ያውቃል። የትኛው ብሎክ መብራት እንደሚያስቸግረው፣ የትኛው ኮሚቴ እንደሚሠራ፣ ማታ የት ሙዚቃ እንደሚጮህ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ለማን ጥቅም ነው የሚያውለው? ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ይህ ነው።

አንድ የማውቀው ደላላ ሰሚት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሲያሳይ አብሬ ነበርኩ። ገዢዋ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ጠብታ የለም። ሻጩ "አሁን ጠፍቶ ነው" አለ። ደላላው ግን ዝም አላለም። "እህቴ፣ እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ግፊቱ አይበቃም። ሮቶና ፓምፕ ካላስገባሽ ትቸገሪያለሽ" አላት። ሻጩ ፊቱን አጠቆረ። ሴትየዋ ግን የሮቶውንና የፓምፑን ወጪ አስልታ ዋጋ አስቀነሰች፤ ቤቱንም ገዛች። ከዚያ በኋላ ለእህቷም ቤት ያፈላለገላት ያው ሰው ነው። ሻጩን ያስከፋው እውነት ሽያጩን አላበላሸውም።

መጥፎው ደላላ ደግሞ የራሱ ዘዴዎች አሉት። የመጀመሪያው በዋጋው ላይ መጫን ነው። ሻጩ ለደላሎቹ "9 ሚሊዮን ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የናንተ" ይላል። ለእናንተ 10 ሚሊዮን ይነገራችኋል። ከዚያ ላይ ደግሞ 2 በመቶ ትከፍላላችሁ። መሃል ላይ ሦስትና አራት ደላላ ካለ ሁሉም የየራሱን ስለሚጨምር የቤቱ ትክክለኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዋጋውን ከሻጩ አፍ፣ ደላላው ባለበት ስሙ። ቀና ሰው ከሻጩ ጋር ለማገናኘት አያመነታም። "ሻጩ መነጋገር አይፈልግም፣ ሁሉንም በኔ በኩል" ካለ ምክንያቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው የቀብድ ጥድፊያ ነው። "ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ አሁን 100 ሺህም ብትሆን አስይዙ።" እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ቦታ መያዣ ብቻ አይደለም፤ የሚያስከትለው ነገር አለ። ካርታውን ሳታዩ፣ ዕዳና እገዳ ሳታጣሩ፣ ባለቤቱ ሳይፈርም ለደላላው እጅ የሚሰጥ ቀብድ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው፤ እጥፉን የሚመልሰው ማን ይሆናል? ገንዘቡ ለሻጩ፣ በባንክ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛው ውድ ምክር ነው፦ "ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ግብር ይቀንስላችኋል።" ይህን የሚመክር ሰው ስለ እናንተ አያስብም። ውሉ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢደርስ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ገንዘብ መክፈላችሁን ማስረዳት መከራ ነው። መንግሥትን ማታለል መሆኑም ሳይረሳ።

አራተኛው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድም። እዚህ ጊዜ ደላላው "ችግር የለም፣ በውክልና እንጨርሰው" ይላል። ሻጩ ለእናንተ ውክልና ይሰጣል፣ እናንተ ሙሉውን ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ታዛውራላችሁ። በወሬ ደረጃ ያምራል። ነገር ግን ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ሰውየው ቢሞት ደግሞ በመርሕ ደረጃ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ከወራሾቹ ጋር ትፋጠጣላችሁ። ደላላው ኮሚሽኑን የዚያኑ ዕለት ወስዷል። እናንተ ግን ለዓመታት የሰው ጤንነትና የሰው ልብ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትኖራላችሁ። ይህን አደጋ ራሱ አንስቶ የሚነግራችሁን ደላላ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

የሪል እስቴት ኩባንያ ሽያጭ ሠራተኛ

ሴልሱ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በሰዓቱ ይደርሳል፣ ቡና ይጋብዛል፣ ብሮሸር ያቀርባል፣ በዓል ሲሆን መልእክት ይልካል። ገዢው መከበር ይሰማዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሰፈር ደላላ ያንገላታው ሰው እዚህ ሲመጣ እፎይ ይላል።

ግን ይህ ሰው የኩባንያው ሠራተኛ ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ የሚከፈለውም በአብዛኛው ውል ተፈርሞ ቅድመ ክፍያ ሲገባ ነው። ቤቱ ሲያልቅ አይደለም። እናንተ ቁልፍ የምትረከቡት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ሴልሱ ሌላ ኩባንያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ጠባዩ መልካም ቢሆንም እንኳ የሰጣችሁን ቃል የሚጠብቅበት ቦታ ላይ አይገኝም። ስለዚህ እዚህ በር ላይ መመዘን ያለበት ጨዋነቱ ሳይሆን ቃሉን ወደ ወረቀት ለማምጣት ያለው ፈቃደኝነት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ካሬውን ሲነግራችሁ "ግሮስ ነው ኔት?" በሉት። 120 ካሬ ተብሎ የሚሸጥ አፓርታማ ውስጥ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የአሳንሰሩ ድርሻ ተደምሮ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ በእግራችሁ የምትረግጡት ወለል ከዚያ በደንብ ያነሰ ነው። ሳይጠየቅ ልዩነቱን የሚነግራችሁ ሴልስ አለ፤ እሱ ጥሩ ምልክት ነው። ተጠይቆም "ያው ነው" የሚል ካለ ሌላውንም ንግግሩን በዚያው ሚዛን አስቀምጡት።

ቀጥሎ ስለ ዋጋ ማስተካከያ ጠይቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደተቀየረ ሁላችንም አይተናል። ውላችሁ ውስጥ "የዕቃ ዋጋ ቢጨምር ገዢው ልዩነቱን ይከፍላል" የሚል አንቀጽ አለ? ጣሪያ አለው? በምን ይሰላል? ሴልሱ "አይ፣ እሱ ለፎርማሊቲ ነው የገባው" ካለ እንዲወጣ ጠይቁ። ለፎርማሊቲ ከሆነ ማውጣቱ ማንንም አይጎዳም።

የርክክብ ቀንም እንዲሁ። "በ24 ወር" ሲባል ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ቢዘገይ በወር ስንት ይቀጣሉ? እናንተ አንድ ክፍያ ብታዘገዩ የምትከፍሉት ቅጣት ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ፣ የእነሱ መዘግየት ግን "ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት" በሚል ሰፊ አጥር ውስጥ ከገባ ሚዛኑ ተዛብቷል። ጥሩ ሴልስ እዚህ ጋ ከሕግ ክፍሉ ጋር ያገናኛችኋል። ደካማው ርዕስ ቀይሮ ስለ መዋኛ ገንዳው ያወራል።

ሞዴል ቤቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሳይቱ ድረስ ውሰደኝ በሉት፤ በሥራ ቀን። ስንት ሠራተኛ አለ? ሲሚንቶ እየገባ ነው? በአጠገቡ ካለ ሻይ ቤት ተቀመጡና ሥራው ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ወይም እንደቀጠለ ጠይቁ። የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ፣ የመሬቱን ካርታና መሬቱ ባንክ ዘንድ በመያዣነት ተይዞ ከሆነ ያንን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅ አጽድቋል፤ ኩባንያው የአልሚነት ፈቃዱ ምን ላይ እንዳለ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ሁሉ ስትጠይቁ የሚቆጣ ወይም "እናንተ አታምኑም እንዴ?" የሚል ሰው ውል ከተፈረመ በኋላ ስልክ ያነሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

"ዛሬ ብቻ" የሚባለው ቅናሽ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብ የሚወጣበት ውል ለአንድ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ መቀመጥ አለበት። የውሉን ረቂቅ ይዞ መሄድ የሚከለክል ኩባንያ ጋር አትፈርሙ።

የቴሌግራምና የቲክቶክ አገናኝ

ለማየት ጥሩ ነው። ቁጭ ብላችሁ የሰፈሮችን ዋጋ ታወዳድራላችሁ፤ ይህ ለድርድር ኃይል ይሰጣል። ከዚያ ባለፈ ግን ብዙዎቹ ቤቱን በዓይናቸው አላዩትም፤ ከሌላ ቻናል ያመጡት ፎቶ ነው። አንድ ቤት በአምስት ቻናል በአምስት ዋጋ ይወጣል። ደውላችሁ "አሁን ቤቱ በር ላይ ሆነህ ቪዲዮ ጥራልኝ" በሉ። የሚችለው ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ የሚሠራው ነው። የማይችለው "እሱ ተሸጧል፣ የተሻለ አለኝ" ይላል። "ቤት ማሳያ" ብሎ በቴሌብር አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ስልኩን ዝጉት።

በራስ፣ ከጠበቃ ጋር

ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ ወይም ከዕድር ሰው በቀጥታ መግዛት ኮሚሽኑን ያድናል። ዋጋውን ከባለቤቱ ትሰማላችሁ። የሚጎድለው ግን ሩጫውን የሚሮጥ ሰው ነው፦ ክፍለ ከተማ፣ መሬት አስተዳደር፣ ገቢዎች፣ ውልና ማስረጃ። ሥራ ያለው ሰው ይህን ብቻውን ሲያደርግ ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ማጣራት የነበረበትን ይዘላል። ሌላው ችግር ይሉኝታ ነው። የአጎት ልጅን "ካርታህን ላጣራ" ማለት ይከብዳል። ጠበቃ መያዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከባዱን ጥያቄ እሱ ይጠይቅላችኋል፣ ዝምድናውም ይተርፋል። ጠበቃው ሽያጩ ተሳካም ከሸፈም ክፍያው ያው ነው፤ ስለዚህ "ይቅርባችሁ" ለማለት አይፈራም። ከአራቱ ውስጥ ይህን ቃል ያለ ኪሳራ መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ማንን ብትይዙ መጣራት ያለባቸው ነገሮች አይቀየሩም። ካርታው በሻጩ ስም ነው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ መሬት)? ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያው ስንት ነው? ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው? ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈርሟል? በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የፈረሱ ሰፈሮችን ስላየን ቦታው የልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱንም ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። የስም ማዛወሪያውንና በሽያጩ ላይ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚከፍል ከዋጋው ጋር አብራችሁ ጨርሱ፤ ብዙ ጊዜ ዝም ስለሚባል መጨረሻ ላይ ገዢው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሰው ኤጀንቱ ከስቴቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ለምዷል። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እዚያ አብዛኛው ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር ክፍያውን የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ይፈራረማል። ያ ሰው አዲስ አበባ ላይ በስልክ ሲገዛ ያንኑ ሥርዓት በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ደላላው "ሁሉን ጨርሻለሁ" ሲለው ያምናል።

ሁለት ነገር ልመክር። አንደኛ፣ ያንን ልማድ ይዛችሁ ኑ። ከደላላው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፦ ስንት በመቶ ነው፣ ከሻጭም ይቀበላል ወይ፣ መቼ ይከፈላል፣ ከተነገረው ዋጋ በላይ የሚይዘው ነገር አለ ወይ። ሁለተኛ፣ ውክልናውን ለደላላው አትስጡ። ለምታምኑት ዘመድ ስትሰጡም ወሰኑን ጠብቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ እናንተ የምትሰጡት ሰነድ "መግዛት" ብቻ የሚል ከሆነ ቤቱን መልሶ የሚሸጥባችሁ አይኖርም። ሰነዱ ውስጥ "መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ" የሚሉት ቃላት ከገቡ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ሥልጣን ነው። በኤምባሲ ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቡት።

እና የትኛው ይሻላል?

ያለቀ ቤት፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለሚፈልግ ሰው ሰፈሩን የሚያውቅ ደላላና በሰዓት የሚከፈል ጠበቃ አብረው ቢሠሩ ምርጫዬ ነው። ደላላው ቤቱን ያገኛል፣ ጠበቃው ወረቀቱን ያያል። ደላላው "ጠበቃ ምን ያደርግላችኋል?" ካለ ሌላ ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ አይጠፋም።

በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ ለሚገዛ ሰው ከሴልሱ መሸሽ አይቻልም። ጨዋታው የውሉን ረቂቅ በማንበብ ላይ ነው። ሦስት ኩባንያ አወዳድሩ፣ የሦስቱንም ሴልሶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ። መልሶቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ማን እንደሸሸ ያስታውቃል። ከዚያም ከዚሁ ኩባንያ ከዚህ በፊት ቤት የተረከበ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ሴልሱ የሚያገናኛችሁን ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ ሕንፃው በር ላይ ያገኛችሁትን።

ጊዜ ያለው፣ ከተማውን የሚያውቅና ሻጩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው በራሱ ይግዛ። ውጭ ያለ ግን ይህን ባይሞክር እመክራለሁ።

ክፍያው ላይ ልጨምር። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይህን ይላል። ስለዚህ ትልቁ ገንዘብ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ሰነድ) ተሠርቶ፣ የሰነዶች ማረጋገጫ ባለሙያ ፊት ሁለታችሁም ስትፈርሙ ይሰጥ። ኮሚሽኑን ደግሞ ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ግማሹን በፊርማው ዕለት፣ ግማሹን ካርታው በስማችሁ ሲወጣ። ይህን መጀመሪያ ቀን ላይ፣ ገና አንድም ቤት ሳያሳያችሁ ንገሩት። ሥራውን የሚያውቅ ደላላ ትንሽ ይከራከራል፣ ከዚያ "እሺ" ይላል፤ ስም እስኪዛወርም ድረስ ክፍለ ከተማው ደጃፍ ላይ ከእናንተ ቀድሞ ይገኛል።